የእማማ ጉንቮር መርዶ

አልታየሽ የሞተ ሰው በሕይወት ማቆየት የምትችል ሴት ናት። ጠንቋይ ናት ማለት አይደለም፤ የጥንቆላ ወሬ ሲነሳ እንኳ ደጋግማ የምታማትብ የማርያም ወዳጅ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ያለ ሐበሻ አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለራሱ አይደለም። ለጎረቤቱ፣ ለአበልጁ፣ አብሮት ለሚሠራው ነው የሚደወለው። እነሱም ሰብሰብ ብለው ይመክራሉ። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት፣ በሰላም ትገላገል። ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ይጨርስ። ሰውየው ከክሮይደን የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱ አልመጣለትም፣ ይምጣለት። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ትንሽ እንዳመመው፣ እንደተሻለው፣ ጠበል እንደወረደ እየተባለ ይቆያል። ይህን የማቆየት ሥራ በካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ለአልታየሽ መርቆ የሰጣት ማንም የለም። ግን ሆደ ሰፊ ናት፣ ፊቷም አያሳብቅም፣ ስለዚህ ለእሷ ይነገራል።

እሷም ያለፈችበት ነው። እናቷ አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ክሮይደን ለኢንተርቪው የምትጠራበትን ቀን እየጠበቀች ነበር። ከፋሲካ እስከ ገና ደበቋት። ወረቀቷ በመጣ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከፊት ሆነው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተከትለው በሯን አንኳኩ። በሩን ስትከፍት ገና ፊታቸውን አይታ አወቀች። ያን ቀን እነዚያ ሁሉ እጆች ባይዟት ኖሮ ከፎቅ ትወረወር እንደነበር ሁልጊዜ ታወራለች። በዚያ መሐል ለሞቱት እናቷ ገዝታ የላከችውን ሹራብና የብርድ ካልሲ ግን አታነሳም።

ሥራዋ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። ከምትንከባከባቸው ሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ፣ ጸጥ ባለ መንገድ ላይ የሚኖሩትን ስዊድናዊት ነው፤ ጉንቮር ይባላሉ። ሰማንያ አምስትን አልፈዋል። እንግሊዛዊው ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅም አልወለዱም። ዓይናቸው መሐል መሐሉን ማየት ትቷል፤ የቀረላቸው ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ነው፣ ሰው ለማየት እንደ ዶሮ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ስለዚህ ገላቸውን ከማጠብና ኪኒናቸውን ከማቅረብ ሌላ ስልክ የምትደውልላቸውም፣ የመጣውን ፖስታ የምታነብላቸውም አልታየሽ ናት። «እማማ» ትላቸዋለች። ትርጉሙን ጠይቀው ሲነገራቸው «ይሁን፣ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም» አሉ።

እማማ ጉንቮር በዚህ ዓለም የቀራቸው አንድ ሥጋ ዘመድ ታናሽ ወንድማቸው ስቱሬ ነበር። ስዊድን ውስጥ፣ ጎተንበርግ በምትባል የወደብ ከተማ ነው የሚኖረው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አልታየሽ ትደውልና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። እህትና ወንድም በቋንቋቸው ጨዋታ ይይዛሉ። ጨዋታቸው አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ዓመት ይጠራል፤ ሌላው በዚያ ዓመት በአገራቸው የሆነውን ይናገራል፤ ማን ይገዛ ነበር፣ ማን ሞተ፣ ማን ተሸለመ፣ ማን ስሙን አስጠራ። የተሳሳተ ይሳቅበታል። ስልኩ ሲዘጋ እማማ ያሉትን ሁሉ ለአልታየሽ በእንግሊዝኛ መልሰው ይተርኩላታል። ስለዚህ አልታየሽ፣ ያገሯን የትምህርት ቤት ታሪክ ግማሹን የረሳችው ሴት፣ የስዊድንን ነገሥታት በተርታ ታውቃለች።

ወንድምና እህት ሁሌም የሚጨቃጨቁበት ዓመት ግን አንድ ነው፤ በፈረንጆቹ ዐሥራ ዘጠኝ ስድሳ ሰባት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሥልጣን ላይ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ረጅሙ ኤርላንደር ነበሩ። ንጉሡ ጥንታዊ ዕቃ ፍለጋ አፈር መቆፈር የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ዓመት ዓይን እንዴት እንደሚያይ የመረመሩት ራግናር ግራኒት የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ስቱሬ «የተወለደው ፊንላንድ ነው፣ አይቆጠርም» ይላል። እማማ ደግሞ «የኖረው እኛ ዘንድ ነው፣ የእኛ ነው፤ እኔ የተወለድኩት ስዊድን የምኖረው ለንደን፣ እንዲህ ከሆነ እኔንም አትቁጠሩኝ» ይላሉ። እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ።

የዚያ ዓመት ትልቁ ነገር ግን መንገዱ ነው። እስከዚያ ድረስ ስዊድን መኪና በግራ ነበር የሚነዳው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ፣ ልክ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አገሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። በኛም አገር በጃንሆይ ጊዜ እንዲሁ ሆኗል፤ የአልታየሽ አባት ሹፌር ስለነበሩ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት አውርታላቸዋለች። ያን ሌሊት ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይንቀሳቀስ ታግዶ ነበር። ስቱሬ ግን የወተት መኪና ሹፌር ነበርና ፈቃድ ነበረው። እህቱ ደግሞ ያን ዕለት ከእንግሊዛዊው እጮኛዋ ጋር በመርከብ ልትሄድ፣ እናትና አባቷ ተቀይመው አንሸኝም ብለዋት፣ ከወተቱ ጋር አሳፍሮ ወደ ወደቡ ወሰዳት።

ሰዓቱ ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መንገድ ላይ ያለ መኪና ሁሉ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ፣ ወደ ማዶ ተሻገረና እንደገና ቆመ። ሞተር ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል። ስቱሬ መሪውን እንደያዘ ያለቅስ ነበር። እዚያ ቁጭ ብለው፣ በመካከላቸው ባለው ጸጥታ፣ ቃል ተገባቡ። ከሁለታቸው ቀድሞ ለሚሞተው፣ የቀረው በቀብሩ ላይ ቆሞ ስለዚያች ማለዳ ይናገራል። ሌላ ሰው አይናገርም። እማማ ይህንን ለአልታየሽ ከአንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ነግረዋታል። «ጸሎት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ያለኝ ይህ ንግግር ነው» ይሏታል። ገላቸውን ስታጥባቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ካየች፣ ያንን እየተለማመዱ እንደሆነ ታውቃለች።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው። በመጸው፣ እማማ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው በወጡ በሳምንታቸው፣ ቀን ላይ የአልታየሽ ስልክ ጮኸ። እማማ ተኝተዋል። የደወለችው የስቱሬ ልጅ ማሊን ናት።

«አባቴ ትናንት አረፈ» አለች ማሊን በእንግሊዝኛ። «አክስቴን ልታገናኚኝ ትችያለሽ?»

አልታየሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ተኝተዋል» አለች። «ልባቸው ገና አልጠናም። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ማሊን አለቀሰችና አመሰገነቻት። እነሱ ዘንድ ቀብር እንደሚዘገይ፣ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ አርብ ቀን እንደሚሆን ነገረቻት። አክስቷ መምጣት ካልቻሉ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስክሪን አቁመው ከለንደን እንዲናገሩ እንደሚያደርጉ፣ የአባቷና የአክስቷ ውል ምን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚያውቅ ነገረቻት። አልታየሽም «አንቺ መቼ ትመጫለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ማሊን ግራ ገባት። «እኔ? ምናልባት ለገና» አለች።

ለገና። አልታየሽ ስልኩን ዘግታ ያቺን ቃል ደጋገመቻት። ሟች ወንድም፣ እህት የልብ በሽተኛ፣ እና ዘመድ የሚመጣው ለገና። ታዲያ ይህች ሴት መርዶዋን ስትሰማ ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? ሰው ብቻውን፣ ግድግዳ እያየ፣ በባዶ ቤት መርዶ ይሰማል? ይህ ለአልታየሽ ከሞቱም የከፋ ጭካኔ ነበር። ሻይ ይዛ ስትገባ እማማ ነቅተው ነበር።

«ማን ነው የደወለው?»

«የምሠራበት ኤጀንሲ ነው» አለች።

ያቺ የመጀመሪያዋ ነበረች። በአገሯ ደንብ ውሸት አትባልም፤ ማቆየት ነው የምትባለው።

ያን ማታ ለጋሽ ሰይፈሥላሴ ደወለች። ለንደን ያለ ሐበሻ መርዶ ሲነገረው ከፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ ቃላቸው የተመረጠ ነው። አዲስ አበባ ለዘመድ ጉዳይ ሄደው ኖሯል። የሚመለሱትም ከቀብሩ በኋላ ነው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «እኔ እስክመጣ ያዢው» አሏት። «ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው።» የቀብሩን ንግግር ነገር አላነሳችላቸውም። ለምን እንዳላነሳች ራሷም በደንብ አታውቀውም።

ልጇ ሄራን ግን ከሶፋው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ለንደን የተወለደች፣ ሥራ የያዘች ወጣት ናት። «ማሚ፣ ይሄ የእሳቸው ወንድም ነው» አለች። «የእሳቸው ኒውስ ነው። ሆልድ ማድረግ አትችይም። ጀስት ቴል ኸር።»

«ልባቸው ቀጥ ቢልስ? አንቺ ነሽ የምትመልሻቸው?»

«እሺ ዶክተሩን አስክ አድርጊ። ማሊንን ኮል አድርጊ። ግን እሷ የነገርሽ መስሏታል፣ ማሚ። ዛት ኢዝ ሶ ባድ።»

«አንቺ የእኛን ነገር አታውቂም» አለች አልታየሽ፤ ሄራንም ስልኳን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

እሑድ መጣ። እማማ ከምሳ በኋላ ፀጉራቸውን አስበጥረው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። አልታየሽ ስልኩን እንደያዘች ቆመችና ስቱሬ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ እንደተዘጋ፣ ሐኪም አትናገር እንዳለው፣ ማሊን እንደጻፈችላት ተናገረች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደቀለላት ገረማት። እማማ አዘኑ፣ ግን ወዲያው ዘዴ ፈለጉ። «እሱ ባይናገር ይጻፍ። አንቺ የእኔን ጻፊለት፣ የእሱን አንብቢልኝ።»

ይህ ያልታሰበ ነበር። አገር ቤት የሞተ ሰው እንደታመመ ይነገራል እንጂ መልስ ስጥ አይባልም። አልታየሽ የሚሏትን በስልኳ የምትጽፍ መስላ ጣቷን አንቀሳቀሰች። እማማ ያሉት «ስድሳ ሰባት፤ ግራኒት የእኛ ነው» ነበር። ቀና ብለው ጠበቁ። መሐሉን የማያየው ዓይናቸው በእሷ በኩል አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ምን አለ?»

«አይቆጠርም ብለዋል» አለች አልታየሽ።

እማማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አልታየሽ ወጥ ቤት ገባችና የቧንቧውን ውሃ ከፍታ ቆመች። የሞተ ሰው በአፏ ተናግሯል። እኔ ምን እያደረግሁ ነው አለች። ግን ቧንቧውን ዘጋችና ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ስቱሬ በየእሑዱ መለሰ። ደህና ይመልሳል፣ ይቀልዳል፣ «አብረሽን ወደ ቀኝ መዞር አቅቶሽ ነው የሸሸሽው» ይላል፤ ይህ ድሮም የሚላቸው ነበርና አልታየሽ ታውቀዋለች። እማማ ፊታቸው በራ፣ ምግብም በሉ። አልታየሽ ግን ከሳች። አውቶቡስ ውስጥ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ማሊን ጻፈች፦ አክስቴ እንዴት ተቀበለችው? ቀጥሎ ጻፈች፦ ለምን አትደውልልኝም? ተቀይማኛለች? አልታየሽ ለሁሉም ሐዘኑ ከብዷቸዋል ብላ መለሰች። ቀብሩ ሲቃረብ ማሊን አጥብቃ ጠየቀች። አክስቴ ትናገራለች ወይስ አትናገርም፣ ስክሪኑን ለሚያቆመው ሰው መንገር አለብኝ አለች።

እዚህ ጋ አልታየሽ መመለስ ትችል ነበር። በሩ ገና ክፍት ነበር። ማንም ያልገፋት፣ ማንም ያላስገደዳት፣ በቀን ብርሃን አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ያደረገችው ነው። «በጣም ደክመዋል፤ መናገር አይችሉም» ብላ ጻፈች።

ማሊን ከቆየች በኋላ «እሺ። እኔ እናገራለሁ» ብላ መለሰች።

አርብ ዕለት አልታየሽ እማማን ታጥባቸው ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ትመለከታለች። አሁን ሬሳው ገብቷል፣ አሁን ደወል ተደውሏል፣ አሁን ማሊን ተነስታለች። እማማ በሞቀው ውሃ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። «ትላንት አንድ አረፍተ ነገር ጨመርኩበት» አሏት። «እኔ ብቀድም ግን በከንቱ ደከምኩ ማለት ነው።» አልታየሽ ፎጣውን በፊታቸው ላይ ዘረጋች፣ እንባዋን እንዳያዩ። ማየት እንደማይችሉ እንኳ ረስታ ነበር።

ከቀብሩ ቀጥሎ በመጣው እሑድ ነገሩ ተበላሸ። እማማ ጨዋታው ጥሟቸው «ጠይቂው» አሉ። «በወተት መኪናው ውስጥ፣ በእኔና በእሱ መካከል ወንበሩ ላይ ምን ነበር?»

ይህን አልታየሽ ሰምታ አታውቅም። ሻንጣ ልበል? ወተት ልበል? ከተሳሳትኩ ይያዝብኛል ብላ አሰበች፣ እናም የማያስይዘውን መረጠች። «ረስቼዋለሁ ብለዋል።»

እማማ አልሳቁም። ለረጅም ጊዜ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። «ስቱሬ?» አሉ። «ይህንን?» ያን ማታ እራት አልበሉም። በማግስቱም ጠዋት ቁርሱን ገፉትና አዲስ በሆነ፣ በደረቀ ድምፅ ተናገሩ።

«አእምሮው እየሄደ ነው። ጉሮሮው አይደለም፤ እናንተ ደብቃችሁኛል። ፈጽሞ ሳይጠፋ ላየው እፈልጋለሁ። ትኬት ቁረጪልኝ።»

«እማማ፣ ልብዎ አውሮፕላን አይችልም።»

«መንገድ ላይ ብሞት ወደ ወንድሜ ስሄድ ነው የሞትኩት። ይህን ሳምንት አንቺ ካልቆረጥሽ ጎረቤቴን እለምናለሁ፣ ሂትሮው ድረስ በታክሲ እሄዳለሁ።»

እንደሚያደርጉት ታውቃለች። እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሴትየዋን ከሐዘን ለማዳን ብላ ከሞት የባሰ ሐዘን ሰጠቻቸው፤ ወንድማቸው በሕይወት እያለ ረሳኝ ብለው ተሰብረዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለአልታየሽ ግን እያደር የጨለመባት መሰላት። ደግነቱ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ረቡዕ ገብተው ነበር። መርዶው ቅዳሜ እንዲነገር ተቆረጠ።

ቅዳሜ ማለዳ ከካሌዶኒያን ሮድ ተሰብስበው በእግር መጡ፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴ በጥቁር ኮት፣ ከኋላ ስድስት ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ወተት ለመግዛት የወጣ አንድ ፈረንጅ ቆሞ አያቸው። አልታየሽ በያዘችው ቁልፍ ከፈተች። እማማ በቤት ልብሳቸው፣ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው በዓይናቸው ጠርዝ በሩን የሞላውን ነጭና ጥቁር ተመለከቱ።

«ስንት ሰው ነው የመጣው?» አሉ። «እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወንበራቸው አጠገብ በርከክ ብለው እጃቸውን ያዙና በተጠና እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው ነገሯቸው። እግዚአብሔር የሰጠውን ይወስዳል፣ እኛ ሁላችን መንገደኞች ነን፣ ወንድምዎ ስቱሬ አርፏል፣ ፈጣሪ ያጽናዎት። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ከበው ትከሻቸውን፣ ጉልበታቸውን ያዙ። ተንበርክካ እግራቸውን የያዘችው አልታየሽ ልባቸው እንዳይቆም እየጸለየች ፊታቸውን ትጠብቅ ነበር።

እማማ አልጮሁም። ፊታቸው ላይ የመጣው አልታየሽ ያልጠበቀችው ነገር ነው፤ እረፍት ነበር። «እንግዲያው አልረሳም» አሉ። «መቼ ነው የሞተው?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወደ አልታየሽ ተመለከቱ።

«ከአንድ ወር በላይ ሆነው» አለች።

«ታዲያ እሑድ እሑድ ማን ነበር ሲያናግረኝ የነበረው?»

«እኔ ነኝ።»

እማማ ይህን በዝግታ ዋጡት። በዓይናቸው ጠርዝ ይፈልጓት ነበር። «የእናታችን የሠርግ ቀሚስ ነበር» አሉ። «ወንበሩ ላይ የነበረው። ከሳጥኗ ሰርቆ አመጣልኝ። እሱ ይህን አይረሳም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ተቀብሯል?»

«ትናንት ሳምንቱን ደፈነ።»

«ማን ተናገረ?»

«ማሊን።»

«እኔ ለምን እንዳልተናገርኩ ምን አለች?»

አልታየሽ የያዘችውን እግር ለቀቀች። «ደክመዋል፣ አይችሉም ብዬ ጻፍኩላት» አለች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይህን ገና መስማታቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ከዚያ እማማ ጉንቮር የሴቶቹን እጆች አንድ በአንድ ከላያቸው አነሱ። ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው በራሳቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ከአልታየሽ በቀር ምን እንደሚሉ የገመተ አልነበረም። እሷም የለየችው ጥቂት ቃል ነው፤ ስቱሬ፣ ጎተንበርግ፣ ግራኒት፣ እና ያንን ዓመት። ግን አንድ እጃቸው ከጠረጴዛው ተነስቶ በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ ሲሻገር፣ ከዚያም ሲቆም ታየ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የየራሳቸውን ወንድም፣ ያልቀበሩትን እናት፣ በስልክ የተሰናበቱትን አባት አለቀሱ። እማማም እንባቸው እየወረደ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ተናግረው ተቀመጡ። ሟቹን በማያውቁ፣ ቋንቋውንም በማይሰሙ ሰዎች ፊት የተባለ ንግግር ነበር። ስቱሬ ግን አልነበረበትም፤ ሬሳውም፣ ልጁም፣ አገሩም።

ሴቶቹ ስመዋቸው አንድ በአንድ ወጡ። አልታየሽ ምድጃው ላይ ውሃ ልትጥድ ስትል እማማ ጠሯት።

«ለእኔ አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይቀላት ነበር። «እጃችሁም ጥሩ ነበር። ግን ያንን ቀን ወሰድሽብኝ፣ ሌላም የለኝም። ከእንግዲህ እንዳትመጪ።»

«እማማ፣ ኪኒንዎን ማን...»

«የሚመጣ ይመጣል። አንቺ ግን አትምጪ።»

አልታየሽ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ደረጃው ሥር ሴቶቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ይጠብቋት ነበር። አቀፏት። አንዷ «ተመስገን፣ ወጣላቸው እኮ፣ እንዲህ ያለ ያማረ መርዶ አይቼ አላውቅም» አለች። ሌላዋ ጽድቅ እንደሠራች ነገረቻት። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ብቻ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ለሠልስቱ ምን ሠርተን እንምጣ?» አሏት ሴቶቹ። «የሚበሉትን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አልታየሽ የተዘጋውን በር ዞር ብላ አየች። ፊቷ እንደወትሮው ምንም አላሳበቀም።

«ቀኑን እኔ እነግራችኋለሁ» አለቻቸው።